መሰላሉ በየት በኩል ነበር

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። አሻንጉሊት አይደለም። «ኢፍራህ፣ አሻንጉሊቶችሽ እንዴት ናቸው?» ብላ የምትገባ ደንበኛ ካለች ጥፍሯን ግማሽ ላይ ትቼ ነው የማባርራት። ሞዴል ነው የሚባለው። ክንፉ ለብቻ፣ ጎማው ለብቻ፣ የአብራሪው ወንበር ለብቻ ሆኖ በሳጥን ይመጣል። ሰው ይገጣጥመዋል፣ ይሞርደዋል፣ ስህተቱን ያርመዋል፣ ቀለም ይቀባዋል። ሲያልቅ ቁርጥ እውነተኛውን የጦር አውሮፕላን ነው፣ በአንድ እጅ ከመነሳቱ በቀር።

ስራዬ ሂናና ጥፍር ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ ከትልቁ ዛፍ ፊት ለፊት ያለችው ሮዝ በር የኔ ናት። ባሌ ዐብዲፈታሕ ከጅቡቲ ዕቃ ያመጣል። አንዴ ከልጆች ልብስ ጋር አንድ ካርቶን ሙሉ የአውሮፕላን ሳጥን ተቀላቅሎ መጣበት፤ የሚገዛው ሰው ጠፋ። «ጣይው አቦ» አለኝ። እኔ ደግሞ ሙሽሮቹ ሂናቸው እስኪደርቅ ስጠብቅ እጄ ስራ ይፈታል፣ ስራ ሲፈታ ደግሞ ነገር ፍለጋ እገባለሁ፤ አንዱን ከፈትኩት። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም። የምሞርደው በጥፍር ሞረድ ነው፣ ቀዳዳ የምደፍነው ግድግዳ ቀቢዎች በሚጠቀሙበት ስቱኮ ነው፣ ቀጭን መስመር የምስለው በሂና ብሩሽ ነው። ከጥፍር ቀለሞቹ በላይ መስታወት ሳጥን ውስጥ ተደርድረዋል፤ ያላመነ መጥቶ ማየት ነው።

ሊያናድደኝ የፈለገ ሰው ስህተት ያለበት አውሮፕላን ያሳየኝ። ፋብሪካ ይሳሳታላ! አፍንጫውን ያሳጥራል፣ ጎማውን ያወፍራል፣ የሌላ አገር አውሮፕላን ላይ ያለውን አንቴና እዚህ ይለጥፋል። እኔ የእውነተኛውን ፎቶ ፈልጌ፣ ከጎኑ አስቀምጬ፣ አንድ በአንድ አስተያይቼ አርማለሁ። ከእጄ የተሳሳተ ነገር ወጥቶ አያውቅም። ፎቶ አይዋሽም እላለሁ። እል ነበር።

ሙሉነሽ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን እንደለበሰች ገባች። ጎረቤቴ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የልብስ ስፌት ተቆጣጣሪ ስለሆነች ማሽን የሌለበት ቦታም እየጮኸች ነው የምታወራው። ያን ቀን ግን በሩን ገርበብ አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ኢፉዬ፣ የአባባን አውሮፕላን ትሰሪልኛለሽ?»

አባቷ ጋሽ ይሳቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ወንበሩን አውጥቶ ከሱቄ ፊት ለፊት ዛፉ ሥር የሚቀመጠው ሽማግሌ። ድሬ ነው፤ አንቱ አንባባልም። ጋሽ እንለዋለን፣ አንተ እንለዋለን፣ ፍቅራችን ግን ከአንቱም በላይ ነው። ሲያየኝ «ኢፍራህ፣ ሲዴ ታሃይ?» ይለኛል በሶማልኛ፤ እንዴት ነሽ ማለቱ ነው። ሶማልኛውን የተማረው እስር ቤት ነው። በዚያ በድሮው ጦርነት ተማርኮ ሶማሊያ ውስጥ ብዙ ዓመት ታስሮ የመጣ ሰው ነው፤ እኔን ሶማሌዋን ግን አንድ ቀን በክፉ ዓይን አይቶኝ አያውቅም። የሠርጌ ዕለት አባቴ ሲያለቅስ አብሮት ያለቀሰው እሱ ነው።

ታሪኩን ከዚራ ውስጥ የማያውቅ የለም። ይሳቅ የአየር ኃይል መካኒክ ነበር። ሙሉነሽ ገና ጡት ሳትጥል ወደ ግንባር ተላከ፤ በዚያው ተማረከ። እናቷ እሱ ከሄደ በኋላ የመሪያምን አንድ ክፍል ተከራየች፤ ብዙም ሳትቆይ ታማ ሞተች። ልጅቷን ያሳደገቻት አከራይዋ መሪያም ናት፣ አላህ ጀነት ያግባት። ምርኮኞቹ የተፈቱ ጊዜ አንድ ከሲታ ሰው መጥቶ በሩን አንኳኳ። «ይሳቅ ነኝ፤ ልጄን ፍለጋ ነው የመጣሁት» አለ። መሪያም የዋዛ ሴት አልነበረችም። አባትየውን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ የምታውቀው እናትየው ትታ የሞተችውን አንድ ፎቶ ነው። ፎቶውን ከግድግዳ አወረደች፣ ሰውዬውን ፀሐይ ላይ አቆመችው፣ ፎቶውን ከፊቱ ጎን ይዛ የግራ ቅንድቡን አየች። ቅንድቡን ለሁለት የከፈለ ጠባሳ ፎቶው ላይ አለ፤ ሰውዬውም ላይ አለ። «እሱ ነው» አለች። እንደ ልጇ ያሳደገቻትን ሙሉነሽን እያለቀሰች አስረከበችው።

እሱም አሳደጋት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ ሳያገባ፣ ፀጉሯን ራሱ እየሠራ። ጎረቤቱ «ወንድ ልጅ ሹሩባ ሲሠራ!» እያለ ይስቅበት ነበር አሉ።

«ዶክተሩ ልቡ ደክሟል አለኝ» አለች ሙሉነሽ። «ብዙ አይቆይም ማለት ነው፣ ገብቶኛል። እኔን የሚያቃጥለኝ ምን መሰለሽ? ስለዚያ ዘመን አንድ ቃል ነግሮኝ አያውቅም። እናቴን የት እንዳገኛት አላውቅም። አውሮፕላን ሲያልፍ ሰው ሁሉ ቀና ሲል እሱ መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። ጡረታውን እንኳ ሄዶ አልጠየቀም፣ ስንት ጊዜ ተጣልተናል! ይሄን ሲያይ ምናልባት አፉ ይፈታል። ሳይነግረኝ ከሞተ ግን፣ ኢፉዬ፣ አባቴን ሳላውቀው ሞተ ማለት ነው።»

ይሄን ስትል ዓይኗ ሞላ። ሆዴ ባባ፤ እኔ ደግሞ ሆዴ ሲባባ እቆጣለሁ። «እሺ በቃ፣ አታልቅሺብኝ፣ እሠራዋለሁ!» አልኳት። ከሐምሌው ቁልቢ ሲመለሱ ምሳ ላይ ልትሰጠው ነው። አውሮፕላኑ ብቻ ሳይሆን ልክ እንደ ፎቶው እሱም አጠገቡ ቆሞ እንዲሆን ፈለገች። ፎቶውን ከነፍሬሙ በነጠላዋ ጠቅልላ ሰጠችኝና ሄደች።

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። አንድ ወጣት በስራ ልብስ፣ አብራሪው የሚወጣበት መሰላል ላይ ክንዱን ጣል አድርጎ ይስቃል። የአውሮፕላኑ አፍንጫና የአብራሪው ቦታ ብቻ ነው የሚታየው፤ ጅራቱ የለም፣ ቁጥሩ የለም። ቢሆንም ዓይኔ አላጣውም፤ ኤፍ-5 ነው። አንድ ሳጥን ከመደርደሪያው ጥግ ነበረኝ።

ገና ከመጀመሬ ተናደድኩ። ፋብሪካው መሰላሉ የሚሰካባቸውን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች በግራ ጎኑ በኩል አድርጓቸዋል። ፎቶው ላይ ግን መሰላሉ በቀኝ ነው! «እዩአቸው እነዚህን ደነዞች!» ብዬ ጮህኩ። ዐብዲፈታሕ ሩዙን እየበላ ነበር።

«ፋብሪካውን ልታስተምሪው ነው?»

«አዎ ላስተምረው ነው! አንተ ብላ!»

የግራውን ቀዳዳ በስቱኮ ደፈንኩ፤ እስኪጠፋ ድረስ ሞረድኩት። በቀኝ በኩል በመርፌ አዲስ በሳሁ። አፍንጫው ላይ የተረፈውን ፕላስቲክ ላጭቼ፣ ወንበሩን አርሜ፣ ቡኒውንና አረንጓዴውን ቀባሁ። ኩራቴ ለጉድ ነበር። ሶፊ የምትባል ሙሽራ እግሯን ሂና ተቀብታ ቁጭ ብላ «አንቺ አባትሽ ፓይለት ነበር እንዴ?» ስትለኝ ጭራሽ ልቤ አበጠ።

ከአብራሪው መስኮት ሥር በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ጥቃቅን ጽሑፎች አሉ። ሌላ ሰው አያያቸውም፤ እኔ ግን ካልጻፍኳቸው እንቅልፍ አይወስደኝም። ፎቶውን በማጉያ መስታወቱ አየሁት። ፊደሎቹ እንግሊዝኛ ይመስላሉ ግን አይነበቡም። ዐረብኛ እንዳልል ዐረብኛ አይደለም። ይሄን ማጉያ ዛሬ ነው የምሰብረው ብዬ ፎቶውን ይዤ ስነሳ፣ ከሱቁ ትልቅ መስታወት ውስጥ ሌላ ፎቶ አየሁ። አውሮፕላኑ ወደዚያ ዞሯል። ጠጋ አልኩ። ማጉያውን መስታወቱ ላይ ደቀንኩት። ጽሑፉ ቁልጭ ብሎ ተነበበ። መሰላሉም በግራ ነበር።

ሳቄን ለቀቅኩት። ፎቶ ቤቱ ነው! ፊልሙን ገልብጦ ነው ያጠበው! እኔ ጅሏ ደግሞ ትክክለኛውን ፋብሪካ ደነዝ ብዬ ሰድቤ፣ ትክክለኛውን ቀዳዳ ደፍኜ። ዐብዲፈታሕ ከሰማ አለቀልኝ። ሳይመጣ ቶሎ ብዬ ቀኙን ደፈንኩ፣ ግራውን መልሼ ከፈትኩ፣ ቀለሙን ደገምኩት። መሰላሉ በግራ ገባ፤ ልክ ሆነ።

ቀጥሎ ሰውዬውን ያዝኩ። ቁመቱ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። የስራ ልብሱን ቀባሁ፣ ፀጉሩን ቀባሁ፣ ፈገግታውን በአንዲት ነጭ ነጥብ አመጣሁት። የቀረው ጠባሳው ነው። በጣም ቀጭኗን ብሩሽ አንስቼ ወደ ግራ ቅንድቡ ወሰድኳት።

ቆይ።

ፎቶው ከተገለበጠ ጠባሳውም ተገልብጧል። መሰላሉ ከቀኝ ወደ ግራ ከሄደ፣ ጠባሳው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ፎቶው ላይ ያለው ሰው በእውነት የተቆረጠው የቀኝ ቅንድቡ ላይ ነው።

ጋሽ ይሳቅስ?

ብሩሿ ከእጄ ወደቀች። ሱብሃነላህ፣ ተሳስቼ ነው፣ በየቀኑ የማየውን ሰው ፊት እንዴት አላውቀውም ብዬ ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳላደርግ ወጣሁ። አስፋልቱ እግሬን ጠበሰኝ። ዛፉ ሥር ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። ፊት ለፊቱ ቆሜ ዓይኔን ቅንድቡ ላይ ተከልኩ። በግራ ነው። ቀኝና ግራዬ ጠፍቶኝ እንዳይሆን ብዬ የራሴን ግራ እጅ በዓይነ ሕሊናዬ ከሱ ጎን አስቀመጥኩት። በግራ ነው። ወላሂ በግራ ነው።

«ምን ሆንሽ ልጄ? ሰው ሞተ?» አለኝ።

ነገር በሆዴ አያድርም፤ ይሄ የታወቀ ነው። የስጦታውን ምሥጢር ረሳሁት፣ ሁሉን ረሳሁት።

«ጋሽ ይሳቅ፣ የኤፍ-5 መሰላል በየት በኩል ነው?»

«የምን መሰላል?»

«አብራሪው የሚወጣበት! መካኒክ አልነበርክ? ስንት ጊዜ አቁመኸዋል!»

ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ «በቀኝ» አለ። «ፎቶው ላይ በቀኝ ነው።»

ፎቶው ላይ አለ! ሚስቱን ያየ ሰው ሚስቴ ፎቶው ላይ ቀይ ናት ይላል? ወደ ሱቅ ሮጥኩ፣ ፎቶውን አመጣሁ፣ በስልኬ አነሳሁት፣ ገልብጬ ፊቱ ላይ ደቀንኩት። «እውነተኛው ይሄ ነው። ጽሑፉን አንብበው። መሰላሉን እየው። ቅንድቡን እየው!»

ሽማግሌው ስልኩን ብዙ አላየውም። እጁን አንስቶ የራሱን ግራ ቅንድብ ሸፈነ። እዚያው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ማን ነህ አንተ?» አልኩት።

«ነጋ ነው ስሜ» አለ። ሬዲዮውን አጠፋው። «ይህን ስም በአፌ ካወጣሁት ስንት ዘመኔ።»

የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከይሳቅ ጋር የተዋወቁት እስር ቤት ነው፤ አንድ ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን ነበር የሚተኙት። ይሳቅ ያን ፎቶ አንድ ቅጂ ደረቱ ውስጥ ይዞ ነበር የተማረከው፤ እያሳየው ይስቅ ነበር። «ፎቶ ቤቱ ገልብጦ አወጣኝ፤ እየው፣ ጠባሳዬ በግራ፣ መሰላሉ በቀኝ! ሚስቴ ግን ወዳዋለች» ይለው ነበር። ስለ ልጁ ያወራለት ነበር። በመጨረሻ ወባ ያዘው። መድኃኒት የለም። «ልጄን አደራ» ብሎት ነጋ እጅ ላይ ሞተ።

«መጀመሪያ፣ ስፈታ ሞቱን ላረዳ ነበር ያሰብኩት» አለኝ። «ግን አስቢው። አንድ የማይታወቅ ወንድ ከእስር ቤት መጥቶ አባቷ ሞቷል፣ ለኔ ነው የተሰጠችው ቢል ልጅ ይሰጡታል? አንቺ ትሰጪዋለሽ?»

«አልሰጠውም!»

«አልሰጡኝም ነበር። ባዶ እጄን እመለሳለሁ፣ አደራውም ይቀራል። እናቷ መሞቷን፣ ልጅቷም አከራይዋ ጋ መቅረቷን ይሳቅ ኋላ ከተማረከ የድሬ ልጅ ሰምቶ ነበር። ድሬ ስደርስ መሪያም የምታውቀው ፎቶውን ነው አሉኝ፣ ይሳቅን አታውቀውም። እኔ የይሳቅ እውነተኛ ጠባሳ በቀኝ እንደሆነ አውቃለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው ሳይሆን ፎቶው እንደሆነም አውቃለሁ። የቆርቆሮ ክዳን ሰብሬ በግራ ቆረጥኩት። እስኪድን ከከተማው ወጣ ብሎ ቢዮ አዋሌ፣ የግመል ነጋዴዎች ጋ ተቀመጥኩ። ከዚያ መጥቼ አንኳኳሁ።»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ፊቱን የሚያህል ነገር! ሰው የገዛ ፊቱን በቆርቆሮ! በሕይወቴ ሰው እንዲህ አስደንግጦኝ አያውቅም። መጀመሪያ ልጮህበት ፈለግኩ፤ ወዲያው ደግሞ ልይዘው ፈለግኩ። ሁለቱንም ሳላደርግ እንደ ጅል ተቀመጥኩ።

«ንገራት» አልኩት። «ዛሬውኑ ንገራት። አውሮፕላን እየሠራሁላት ነው፤ አባቴን ሳላውቀው እንዳይሞት ብላ አለቀሰችብኝ!»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። «ኢፍራህ፣ ምን ቀረኝ? ጥቂት ነው የቀረኝ። አባቷ ሆኜ ልሙት። መሰላሉን እንደ ፎቶው አድርጊልኝ፤ ጠባሳውን እንደኔ አድርጊልኝ። አንድ ቀን ለምኜሽ አላውቅም።»

«አላደርግም! እኔ ስህተት አልሠራም!» ብዬ ተነስቼ ሄድኩ። መንገዱን ስሻገር ባጃጅ ሊገጨኝ ነበር፤ ባጃጁንም ሰደብኩት።

ማታ ለዐብዲፈታሕ ነገርኩት። «የሷ አባት ነው፤ ማወቅ አለባት» አልኩት። «ማወቅ አለባት» አለኝ። «የሚነግራት ግን አንቺ አይደለሽም። የሱ አፍ ነው። አንቺ በፕላስቲክ አውሮፕላን የሰው ቤት አታፍርሺ።»

ደፈንኩት። የግራውን፣ ትክክለኛውን ቀዳዳ፣ እንደገና በስቱኮ ደፈንኩት። ቀኙን ለሁለተኛ ጊዜ በሳሁ። መሰላሉን እያወቅኩ የማይሆንበት ቦታ ላይ ሰካሁት። የትንሹን ሰውዬ ግራ ቅንድብ በቀጭኗ ብሩሽ ለሁለት ከፈልኩት። እንዲህ ያለ ስህተት የሙሽራ እጅ ላይ ቢሆን ኖሮ ከስራ ያስወጣኝ ነበር።

ከቁልቢ የተመለሱ ዕለት ለምሳ ሄድኩ። ዶሮ ሠርተዋል፤ ለኔ ብለው ደግሞ ዓሳ ለብቻ። የሙሉነሽ ልጅ ኑሀሚን ከዩኒቨርሲቲ መጥታለች። ሽማግሌው ነጭ በነጭ ለብሶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም መሬት መሬቱን አየ። ሙሉነሽ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለትና «ክፈተው አባባ» አለች። እስኪከፍተው መጠበቅ አቅቷት ራሷ ከፈተችው።

«ወይኔ! ኑሀሚን፣ ነይ እዪ! ቁርጥ አባቴን!» ትንሹን ሰውዬ በጥፍሯ ጫፍ ነካችው። «ጠባሳውን ሳይቀር! መሰላሉ ላይ እንዴት እንደተደገፈ እዪ! አንቺ ኢፍራህ፣ እጅሽ ይባረክ!» ሳመችኝ። እኔ ፊቴ ቀላ፤ አፍሬ ነው፣ እሷ ደስ ብሎኝ መስሏታል።

«አባባ፣ ልክ ነው አይደል? እንዲህ ነበር? እስቲ ዛሬ እንኳ አንድ ነገር ንገረኝ።»

ሽማግሌው አውሮፕላኑን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። መሰላሉን አየ። የሰውዬውን ፊት አየ። በልቤ፣ «ልክ ነው በል፣ በአላህ ልክ ነው በል፣ እንብላና ልሂድ» እላለሁ።

«ልክ አይደለም» አለ።

«ኧረ አባባ! ኢፍራህ ትቀየማለች!» ብላ ሳቀች ሙሉነሽ።

«የኢፍራህ ጥፋት አይደለም። ትክክለኛውን ሠርታው ነበር፤ እኔ ነኝ ለምኜ ያስዋሸኋት። መሰላሉ በግራ ነው። ጠባሳውም በቀኝ ነው። ፎቶው የተገለበጠ ነው።» ትንሹን ሰውዬ በጣቱ አመለከተው። «ይሄ ይሳቅ አይደለም። ይሄ እኔ ነኝ። ይሳቅን ከዚህም አወጣሁት። ፊቱን ወሰድኩበት፣ ስሙን ወሰድኩበት፣ ልጁን ወሰድኩበት። ይቺን አውሮፕላን እንኳ ልተውለት።»

«አያቴ ምን እያለ ነው?» አለች ኑሀሚን።

ሁሉንም ነገራት። ለኔ እንደነገረኝ፣ ምንጣፉን፣ ወባውን፣ አደራውን፣ የቆርቆሮውን ክዳን። አንድም ጊዜ ይቅርታ አድርጊልኝ አላላትም። ዶሮው ቀዘቀዘ፤ ማንም እጁን አልዘረጋም። ሙሉነሽ መጀመሪያ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች፤ ከዚያ ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ሲጨርስ ተነሳች። እኔ ይዤው የመጣሁትን ፎቶ ከነፍሬሙ አንስታ ጓሮ ገባች፤ ከኋላዋ በሩን ዘጋችው።

ሽማግሌው አውሮፕላኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከዘራውን ፈለገ። «የት ልትሄድ ነው?» አልኩት። «እኔ እንጃ» አለ። እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ተነስቶ ኮቱን መልበስ ጀመረ፤ እጁ እጀታውን አላገኘም። ልረዳው ስነሳ እንባዬ ቀደመኝ። ኑሀሚን ግድግዳ ተደግፋ ሁለታችንንም ታያለች።

የጓሮው በር ተከፈተ። የሙሉነሽ ዓይን ቀልቷል። መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ፎቶውን ከነፍሬሙ ደረቷ ላይ አድርጋዋለች። በሌላው እጇ ኮቱን ከትከሻው ላይ አወረደችው፤ ወንበሩ ላይ ጣለችው።

«አባባ» አለችው። «አባባ፣ አባቴን የት ነው የቀበርከው?»

ሽማግሌው ወንበሩን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ግራ ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ በመዳፉ ጠረገው፣ የሚጠፋ ይመስል።

«እስር ቤቱ ጀርባ፣ ከአንዲት ግራር ሥር፣ በእጄ ቆፍሬ» አለ። «እሱን ሆኜ እንድመጣልሽ፣ ጠባቂዎቹን የሞተው ነጋ ነው አልኳቸው። እንጨቱ ላይ የተጻፈው ነጋ የሚል ነው።»